ሥርዓተ ትምህርቱን ከማጀት የጀመረው ፈላስፋ

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኮሙኒኬሽን ቡክ የሚሉትን ደብተር ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ዓይኔን ሳታይ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝ። ገልጬ ሳየው በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ማሳሰቢያ አለበት። ልጅቷ ከትምህርቱ ጋር የማይገናኝ ጥያቄ እየጠየቀች ክፍሉን ስለምትረብሽ ወላጅ እንዲመክራት ይላል። ምን ጠይቃ ይሆን ብዬ ልጄን አዋየኋት። ነገሩ እንዲህ ነው። ቅቤ እሳት ላይ ሲጣድ ይቀልጣል፤ እንቁላል ደግሞ እሳት ላይ ሲጣድ ይጠነክራል። እሳቱ አንድ ሆኖ ሳለ ለምን አንዱ ይፈሳል፣ ለምን ሌላው ይደርቃል? የጠየቀችው ይህንን ነው። የዕለቱ የሳይንስ ትምህርት ምን ነበር ብትሉ ስለ ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ!

ተናደድኩ፤ አልዋሽም። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ የምናገረውን ሁሉ በሆዴ ደረደርኩ። ማታ ግን አንድ ነገር ንዴቴን አበረደው። ልጄ መልሱን እኔን ጠየቀችኝ፤ እኔም አላውቀውም ነበር። ሁለት ዲግሪ ይዞ እንቁላል ለምን እንደሚጠነክር አለማወቅ ያሳፍራል። ደግሞ ከአርባ ዓመት በላይ እንቁላል ስበላ ጥያቄው አንድ ቀን እንኳን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ያን ሌሊት ነው ጆን ዲዊ ትዝ ያለኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በአንድ የፔዳጎጂ ኮርስ ስሙን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ በመሥራት መማር የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ማነው ሲባል «ሐ. ጆን ዲዊ» ላይ ማክበብ ነው። ስለ ሸምዳጅነት ጎጂነት የጻፈን ሰው በሽምደዳ ነበር ያወቅነው ማለት ነው። በኋላ ሥራዎቹንና የሕይወት ታሪኩን ሳገላብጥ ግን ይህ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ልጆችን ሰብስቦ የሳይንስ ትምህርት ያስጀመረው በዚያው በእንቁላል መሆኑን አየሁ። ታሪኩን ላጫውታችሁ። (የፖሊሲውን ዘመን ካልሆነ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆን ዲዊ የተወለደው በ1859 በአሜሪካ የቨርሞንት ግዛት፣ በርሊንግተን በምትባል ከተማ ነው። አወላለዱ የሐዘን ጥላ ነበረበት። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የቤቱ የበኩር ልጅ ገና ሕፃን ሳለ በደረሰበት የቃጠሎ አደጋ ሞቶ ነበር። ጥቅምት ላይ የተወለደው ሕፃን የሟቹን ወንድሙን ስም ወረሰ። አባቱ የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ ሲሆን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ሱቁን ሸጦ ከሰሜኑ ጦር ጋር ዘምቷል። እናቱ ደግሞ ከልጆቿ ምግብና ልብስ ይልቅ ስለ ነፍሳቸው የምትጨነቅ ጥብቅ ሃይማኖተኛ ነበረች።

የትምህርት ቤት ቆይታው ይህ ነው የሚባል አልነበረም። ትምህርቱ የሚሰለች ነበር፤ ጽሑፉን ማጥናት፣ ቆሞ መመለስ፣ መቀመጥ። ከትምህርት ሰዓት ውጪ ግን ጋዜጣ ያድላል፤ ከካናዳ የሚመጣውን ጣውላ እየቆጠረ ይመዘግባል፤ ክረምት ሲሆን የአያቶቹ እርሻ ላይ ይውላል። በኋላ ሴት ልጁ እንደጻፈችው፣ ስለ ትምህርት የነበረው አመለካከት የበቀለው ከእነዚህ የልጅነት ውሎዎች ነው። ቤት ውስጥ ሥራ የሚጋራ ልጅ ነገሮች ከየት እንደሚመጡና እንዴት እንደሚሠሩ በዓይኑ ያያል። ጣውላ የቆጠረ ልጅ ሒሳብ ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም ሊነግረው አይገባም።

በ1879 ከቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ኦይል ሲቲ በምትባል የፔንሲልቫኒያ ከተማ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም በትውልድ ግዛቱ አንድ ዓመት ገደማ አስተማረ። ዓይን አፋር ነበር፤ ክፍል ጸጥ ማሰኘትም ይቸግረው እንደነበር ይነገራል። እኔን ይህ ደስ ይለኛል። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ የትምህርት ፈላስፋ ክፍሉ የሚረበሽበት መምህር ነበር! በ1884 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በፍልስፍና ዶክትሬቱን ይዞ ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተቀጠረ። እዚያም ቀደም ሲል በመምህርነት የሠራች፣ በአያቶቿ እጅ ያደገች አሊስ ቺፕማን የምትባል ተማሪ ተዋወቀና በ1886 ተጋቡ። እንደ ፈላስፋ ወግ በመጻሕፍት ዓለም ውስጥ ይዋልል የነበረውን ዲዊን ወደ ጎረቤት፣ ወደ ከተማ፣ ወደ ልጆች ዓይኑን እንዲያዞር ያደረገችው እሷ ነች። የራሳቸውም ልጆች ተከታትለው ተወለዱ። ሥነ ልቦና የሚያስተምር ሰው ቤቱ ውስጥ ሕፃናት ሲንከላወሱ ምን እንደሚያደርግ መገመት ይቻላል፤ እያያቸው ይጽፋል።

በ1894 አዲስ የተከፈተው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጠራው። ቺካጎ ያኔ ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ የታጨቀባት፣ የባቡር ሠራተኞች አድማ የሚንጣት፣ ከአውሮፓ የጎረፈ ስደተኛ የሞላባት ከተማ ነበረች። ዲዊ ገና እንደደረሰ፣ አሊስ ከልጆቿ ጋር ወደ አውሮፓ በሄደችበት ጊዜ፣ በጻፈላት ደብዳቤ ላይ አንድ ሐሳብ ነካ። በአእምሮው ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ሥዕል እየተሳለ መሆኑን፣ የዚያ ትምህርት ቤት እምብርትም እውነተኛ የእጅ ሥራ እንደሚሆንና ሌላው ትምህርት ሁሉ ከዚያ እንደሚወጣ ይነግራታል።

ይሁንና ከትምህርት ቤቱ በፊት ሐዘን መጣ። በ1895 መጋቢት ወር ሞሪስ የተባለው ልጃቸው በኢጣሊያ ሚላን ከተማ በዲፍቴሪያ ሞተ። ሁለት ዓመት ተኩል ነበር ዕድሜው። ዲዊ ይህ ሐዘን ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። በአሥር ወሩ፣ በጥር 1896፣ ትምህርት ቤቱ በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ ተከፈተ። አሥራ ስድስት ልጆችና ሁለት አስተማሪዎች ነበሩት።

አስቀድሞ ዲዊ ለትምህርት ቤቱ ጠረጴዛና ወንበር ፍለጋ የቺካጎን መደብሮች አዳረሰ። የሚፈልገውን አላገኘም። በመጨረሻ አንድ አስተዋይ ነጋዴ ችግሩን ገባው። ዲዊ የሚፈልገው ልጆች የሚሠሩበት ዕቃ እንደሆነ፣ ገበያው ላይ ያለው ደግሞ ሁሉም ለማዳመጥ የተሠራ መሆኑን ነገረው። ዲዊ ይህን ታሪክ በኋላ ተናግሮታል። ተርታውን ወደ ጥቁር ሰሌዳ አፍጥጦ የተደረደረ ወንበር ባየሁ ቁጥር አሁን ያ ነጋዴ ትዝ ይለኛል።

ታዲያ ሥርዓተ ትምህርቱ እንዴት ተቀረጸ? ዲዊ የተነሳው ልጅ ከቤቱ ይዟቸው የሚመጣቸው አራት ነገሮች አሉ ብሎ ነው። ማውራት ይወዳል፤ መጠየቅና መፈተሽ ይወዳል፤ መሥራት ይወዳል፤ ያየውን በሥዕልም በዜማም መግለጽ ይወዳል። እነዚህ የትምህርት ቤቱ ካፒታል ናቸው፤ ሥርዓተ ትምህርት ማለት ደግሞ ይህን ካፒታል ሥራ ላይ ማዋል ነው። ስለዚህ በትንንሾቹ ክፍሎች ጊዜውን የሚመሩት ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ታሪክ ተብለው የተከፋፈሉ መጻሕፍት ሳይሆኑ የሰው ልጅ ሁሉ የሚያውቃቸው ሥራዎች ሆኑ። ማብሰል፣ መስፋትና መሸመን፣ አናጢነት፣ እርሻ።

የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ከቤት ውስጥ ሥራ ይጀምራሉ። የስድስት ዓመቶቹ ወደ እርሻ ያልፋሉ፤ የእርሻ ቤት ሞዴል ይሠራሉ፣ ስንዴ ይዘራሉ፣ ስንዴው እንዴት ዱቄት እንደሚሆን ይከታተላሉ። የሰባት ዓመቶቹ ወደ ጥንቱ ሰው ይሄዳሉ። ዋሻ፣ እሳት፣ የድንጋይ መሣሪያ፣ ከዚያም ብረት። ብረት ማቅለጥ ሲደርሱ ከጭቃ የራሳቸውን ትንንሽ ምድጃ ሠሩ። መጀመሪያ ላይ አልነደደላቸውም፤ የምድጃው አፍና የጭሱ መውጫ አልተመጣጠነም ነበር። ስለ አየርና ስለ መቀጣጠል የተማሩት ያኔ ነው፤ ምድጃቸው እምቢ ስላላቸው።

ስለ ጥጥና ሱፍ የተረከውን ሳነብ ደግሞ እናቴን ጠርቼ አነበብኩላት። አስተማሪዎቹ ለልጆቹ ከበግ ጀርባ የተሸለተ ሱፍ፣ ከነፍሬው ያለ ጥጥ እና የተልባ ተክል ሰጧቸው። (እኛ የተልባን ፍሬ እንጠጣዋለን እንጂ ከግንዱ ጨርቅ እንደሚሠራ የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?) አንዱ ቡድን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጥጡን ከፍሬው በእጁ ሲለቅም ቆይቶ ያገኘው ከአንድ አውንስ፣ ማለትም ከሠላሳ ግራም ያነሰ ጥጥ ነው። በዚህ ሒሳብ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ለቅሞ ግማሽ ኪሎ እንኳን እንደማይሞላለት ራሳቸው ደረሱበት። የቀድሞ ሰዎቻቸው ከጥጥ ይልቅ ሱፍ ለምን ይለብሱ እንደነበርም ገባቸው፤ ማንም አልነገራቸውም። ከዚያ ሱፉን ማበጠሪያ፣ ክሩን ማክረሪያ ራሳቸው መፈልሰፍ ያዙ። የደረሱበት መሣሪያ ምን ሆነ መሰላችሁ? መሐሉ የተበሳ፣ እየተሽከረከረ ክሩን የሚያከር ክብደት። እናቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። እንዝርት ነዋ! በእሷ መንደር ሴት ልጅ ሁሉ ጥጥ በመዳመጫ ስትዳምጥ፣ በደጋን ስትነድፍ፣ ባዘቶውን ስትፈትል ነው ያደገችው። የቺካጎ የፕሮፌሰር ልጆች ብዙ ወጪ ወጥቶባቸው የደረሱበት ቦታ እሷ በስምንት ዓመቷ ደርሳለች፤ ልዩነቱ እሷን ከዚያ ተነስቶ ወደ ሒሳብና ወደ ጂኦግራፊ የሚወስዳት ሰው አለመኖሩ ነው።

ወደ እንቁላሉ ልመለስ። በትምህርት ቤቱ ምግብ ማብሰል መደበኛ ትምህርት ነበር፤ ሚዛንና ክፍልፋይ የሚማሩትም እዚያው ነው። አንድ ጊዜ ልጆቹ ሙከራው ሰለቻቸውና የምግብ አሠራር መጽሐፍ ከፍተው እንደተጻፈው ማብሰል ለምን እንደማይበቃ ጠየቁ። አስተማሪዋ አልተቆጣችም። መጽሐፉን ብቻ ከተከተሉ የሚያደርጉትን ለምን እንደሚያደርጉት እንደማያውቁ አወያየቻቸው። ከዚያ እንቁላል ተመረጠ። ውኃ ሲሞቅ፣ ሲንተከተክና ሲፈላ ያለውን ሙቀት እየለኩ በእያንዳንዱ ደረጃ የእንቁላሉ ነጭ ምን እንደሚሆን ተመለከቱ። ቀድሞ አትክልት ሲቀቅሉ ካዩት ጋርም አነጻጸሩ። በዚህ መንገድ አንድን እንቁላል መቀቀል ሳይሆን እንቁላል የሚባል ነገር እሳት ላይ የሚያሳየውን ጠባይ ተማሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተውን ነገር መናገር አለብኝ፤ እኔም ስቼው ነበርና። ዲዊ ልጅ የጠየቀውን እየተከተላችሁ ሂዱ፣ የፈለገውን ይሥራ አላለም። በ1902 ባሳተመው አጭር መጽሐፍ ሁለቱንም ወገን ነው የተቸው። መጽሐፉን ብቻ የሚያመልኩትን ልጁን እንደማያዩ፣ ልጁን ብቻ የሚያሞግሱትን ደግሞ ፍላጎቱን በጥሬው እንደሚያቆሙት ይወቅሳል። የልጅ ጉጉት ለእሱ ዘር እንጂ ፍሬ አይደለም። ስለ እንቁላል የተጠየቀ ጥያቄ ኬሚስትሪ ውስጥ የት እንደሚያደርስ የሚያውቅ አስተማሪ ከሌለ ጥያቄው እዚያው ይጠወልጋል። ስለዚህ በዲዊ ትምህርት ቤት አስተማሪ መሆን ቀላል አልነበረም፤ ትምህርቱን አጥርቶ ማወቅ ይጠይቃል። አስተማሪዎቹ በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ የትኛው ሥራ ወዴት እንዳመራ፣ የቱ እንዳልሠራ ይነጋገሩ ነበር። ሥርዓተ ትምህርቱ በየዓመቱ የሚታረመው በዚህ ነው። ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት የሚለው ስም የወጣለትም በከንቱ አይደለም።

ገንዘቡ ግን ሁልጊዜ ያጥር ነበር። ዩኒቨርሲቲው እጁን በሰፊው ስላልዘረጋ የተማሪዎች ክፍያና የወዳጆች እርዳታ ነው ያቆየው። በ1899 ዲዊ ለወላጆችና ለደጋፊዎች ሦስት ንግግሮች ያደረገው ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲሆን፣ «ትምህርት ቤትና ኅብረተሰብ» ተብሎ የታተመው ዝነኛ መጽሐፉ የወጣው ከዚያ ነው። በ1902 የተማሪዎቹ ቁጥር 140 ደረሰ። አስተማሪዎቹ 23 ነበሩ፤ በዚያ ላይ አሥር ረዳቶች። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የትምህርት ቤቱ ታሪክ ከተከፈተ በስምንት ዓመቱ በቢሮ ጠብ አበቃ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዊልያም ሃርፐር የዲዊን ትምህርት ቤት በፍራንሲስ ፓርከር ከተመሠረተው ሌላ ትምህርት ቤት ጋር አዋሐደው፤ አሊስ የተዋሐደው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሆነች። የፓርከር አስተማሪዎች የፕሮፌሰሩ ሚስት ትበላናለች ብለው ሰጉ። ሹመቷ የአንድ ዓመት ብቻ ነው ተብሎ በላይ በላዩ ስምምነት እንደነበር ባልና ሚስቱ ዘግይተው ሰሙ። እሷ ለቀቀች፤ እሱም በ1904 ሚያዝያ ከዩኒቨርሲቲው ለቀቀ። ሰዉ በኋላ ስለ ሃርፐር ጭካኔ፣ ስለ አሊስም ጠባይ ብዙ ብሏል። በእኔ እምነት ጥፋቱ የዲዊም ነው። ስለ ግልጽ ውይይት የሚሰብክ ሰው የሚስቱን የሥራ ውል ነገር ቀድሞ በግልጽ መነጋገር ነበረበት።

በዚያው ዓመት ቤተሰቡ ወደ አውሮፓ ሲሄድ የስምንት ዓመቱ ጎርደን ታይፎይድ ያዘውና አየርላንድ ውስጥ ሞተ። ሁለተኛ ልጅ፣ ሁለተኛ የአውሮፓ ጉዞ። አሊስ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞዋ አልሆነችም ይባላል። ከሐዘኑ በኋላ ኢጣሊያ ውስጥ ሳቢኖ የሚባል ልጅ በማደጎ ወሰዱ። ዲዊ ኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ቀሪው ዕድሜው ረጅምና ዝነኛ ነው። በ1916 «ዴሞክራሲና ትምህርት»ን ጻፈ፤ ከ1919 እስከ 1921 ቻይና ውስጥ እየዞረ አስተማረ፤ በ1924 ቱርክ ስለ ትምህርቷ እንዲያማክራት ጋበዘችው፤ በ1937 ሰባ ሰባት ዓመቱ ላይ ሆኖ በትሮትስኪ ላይ የቀረበውን ክስ የሚመረምር ቡድን እየመራ ሜክሲኮ ወረደ። በ1938 ደግሞ በስሙ የሚምሉትን ትምህርት ቤቶች ሳይቀር ነቀፈ፤ የዱሮውን መጣል ብቻውን አዲስ ነገር አይሆንም በሚል። አሊስ በ1927 አርፋ ነበርና በ87 ዓመቱ ሁለተኛ ትዳር ይዞ ሁለት ልጆች በማደጎ አሳደገ። በ1952 ሰኔ 1 ቀን በኒው ዮርክ ሲሞት 92 ዓመቱ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ የራሱ የሆነ ሌላ ትምህርት ቤት ግን ከቺካጎው በኋላ አልመራም።

አሁን ወደዚያ ቁጥር። 140 ልጆች፣ 23 አስተማሪዎች። ለአንድ አስተማሪ ስድስት ልጅ ማለት ነው። ትምህርት ቤት ሄጄ የልጄን አስተማሪ ሳገኛት ደርድሬው የነበረውን ቁጣ አልተናገርኩትም፤ ክፍሉን በበሩ አይቼዋለሁና። ሃምሳ ስምንት ልጆች፣ አርባ ደቂቃ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ማለቅ ያለበት ምዕራፍ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ አሳታፊ ማስተማር የሚለው ቃል በየሥልጠናው ተደጋግሞ ተነግሯታል፤ አርባ ደቂቃውን ያረዘመላት ግን የለም። ጥያቄው ለምን እንዳስቆጣት ስጠይቃት ትንሽ ዝም አለችና መልሱን እሷም እንደማታውቀው ነገረችኝ። ሃምሳ ስምንት ልጅ ፊት አላውቅም ማለት ይከብዳል። ይህን ለመረዳት የእኔ የዚያን ምሽት ኀፍረት በቂ ነበር። ብዙ ተጨዋወትን። አርብ የመጨረሻውን አሥር ደቂቃ ልትሰጣት ተስማማች።

ቅዳሜ ማጀት ገባን። ሦስት ድስት፣ ከፋርማሲ ሳይሆን ከላቦራቶሪ ዕቃ ሻጭ የተገዛ ቴርሞሜትር፣ አራት እንቁላል፣ አንድ ማንኪያ ቅቤ። የእንቁላሉ ነጭ ስድሳ ዲግሪ ካለፈ በኋላ ነው መንጣት የጀመረው። ውኃው ደግሞ መጽሐፉ መቶ ይላል እንጂ እኛ ቤት ዘጠና ሁለት ላይ ፈላ፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ መሆኗን ልጄ ያወቀችው በዚህ ነው። እናቴ ከጎን ሆና እንዝርቷን ይዛ ነበርና መልሱን በእሷ ልቃቂት አስረዳኋት። የቅቤው ስብ ሲሞቅ ላላ ብሎ ይፈሳል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይጠጋጋል። የእንቁላሉ ፕሮቲን ግን እንደ ልቃቂት የተጠቀለለ ክር ነው፤ ሙቀቱ ይተረትረውና ክሮቹ እርስ በርስ ይተበተባሉ። ልጄ የእናቴን ልቃቂት ተቀብላ መሬት ላይ ተረተረችው፣ በእጇ አመሰቃቀለችው፣ መልሳ ልትጠቀልለው ሞከረች። አልሆነላትም። እናቴ ተቆጣች።

አርብ ጠዋት አንድ የተቀቀለ እንቁላልና ያን የተወሳሰበ ክር በላስቲክ ይዛ ሄደች።